ድንቡሼ አላደገችም

በያጇ ከእንቅልፏ ስትነቃ በቅድሚያ የጠየቀችው ስለ ልጇ ነበር።

«ደህና ናት» አላት አለቃው። «ልጆቹ በሁለተኛው መርከብ ይመጣሉ።»

ይህንኑ ቃል ከመሳፈራቸው በፊትም ሰምታዋለች። አዋቂዎቹ ቀድመው ወደ አልፋ ሴንታውሪ ይሄዳሉ፣ ሰፈር ይሠራሉ፣ ልጆች ይከተላሉ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለምድር ቅርብ የሆኑት መንትያ ከዋክብት እነዚያ ናቸው፤ ቅርብ ቢባሉም ብርሃን እንኳ እዚያ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። መንገዱን ተኝተው፣ ሳያረጁ ይጨርሱታል ተብሏል። እሷም ልጇን ድንቡሼን ለእናቷ ትታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተሳፈረች። ያኔ የድንቡሼ የፊት ጥርስ ገና መነቃነቁ ነበር።

የነቁት መስኮት የሌለው ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ውጭው ገና ስላልተዘጋጀ በሩ አይከፈትም ተባሉ። ስንት ዓመት እንደተኙ ሲጠየቅ አለቃው «ከምታስቡት በላይ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ሥራ ግን ሞልቷል። እሷ ቱቦ ትበይዳለች፤ ወንድሟ የውሃ መስመር ይዘረጋል። ከሥራ በኋላ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ከቤተሰቡ የመጣለትን ድምፅ ይሰማል።

«እማዬ፣ ጥርሴ ወለቀ» አለች ድንቡሼ አንድ ቀን።

በያጇ እየሳቀች አለቀሰች። «የት አደረግሽው ታዲያ?» ብላ ላከችላት።

በሳምንቱ መልስ መጣ። «አያቴ ደብቃልኛለች።»

በማግስቱ ቱቦ እየበየደች ሳለ እጇ ቀጥ አለ። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ወንድሟን ጠራችው።

«ብርሃን አራት ዓመት የሚሄደውን መንገድ የልጄ ድምፅ እንዴት በሳምንት ደርሶ ይመለሳል?»

«አዲስ መሣሪያ አለ ብለዋል እኮ፣ እታለም።»

«እሺ፣ ይኑር። ያን ሁሉ ዓመት ተኛን፤ ልጄ ግን ዛሬም የወተት ጥርሷን ታወልቃለች። ድንቡሼ አላደገችም። እሷ ካላደገች ጊዜው አልሄደም። ጊዜው ካልሄደ እኛም የትም አልሄድንም።»

ወንድሟ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ ሄዶ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ሞተር ይሰማኛል» አለ። «ከባድ መኪና ይመስላል። ባዶ ዓለም ላይ መኪና ማን ይነዳል?»

እሷ ጣሪያውን ታይ ነበር። ማዕዘኑ ሁሉ ዝጓል። አዲስ ቤት ነው ብለዋቸው ነበር፤ ብረት ግን አይዋሽም። ይህ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ምናልባትም ከእናቷ ቤት አንድ መንደር ዞር ብሎ።

ምሳ ላይ ለሁሉም ተናገረች። አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌው አናጢ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ዝም ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው» አለ። «ሚስቴ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን ቆላምጣ ጠርታኝ አታውቅም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ‹ሆዴ› ትለኛለች። ያቺ ሴት የኔ ሚስት አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

በያጇ አለቃው ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። ወንድሟና አናጢው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልን።»

«ገና ነው፣ ልጄ።»

«የምሰማው ድምፅ የልጄ ነው?»

አለቃው ቀና ብሎ አያት። ፊቱ የገረጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበር።

«አይደለም» አለ። «እኛ ነን የምንሠራው። ሰው ተስፋ ቆርጦ ራሱን እንዳያጠፋ ብለን ነው።»

«አንተ!» አለችው። እርስዎ ማለት እዚያ ላይ አበቃ። «ልጄ ከዚህ ግድግዳ ማዶ እናቷን ትጠብቃለች፤ አንተ በሷ አንደበት ታጫውተኛለህ? የልጅ ድምፅ ትሰርቃለህ?»

«ስሚኝ። ብትወጪም አታገኚያትም።»

«የት ወሰዳችኋት?»

«አታገኚያትም አልኩሽ። መስኮቶቹን ያስደፈንኩት እኔ ነኝ። አለማየቱ ይሻላል፣ ልጄ፤ በኔ ይሁንብሽ፣ ይቅርብሽ።»

«ልጄ አትበለኝ። ልጅ ምን እንደሆነ አታውቅም።»

መቁረጫዋን ጎትታ ወደ ፊተኛው ግድግዳ ሄደች። አንዱ ላሜራ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ የቸኮለ እጅ ሥራ ነው። እሳቱን ለኮሰችና መቁረጥ ጀመረች። የሚከለክላት አልተገኘም። ሰዉ ሥራውን እየተወ ከኋላዋ ተሰበሰበ፤ አንዱ ስለ ወንድ ልጁ፣ ሌላዋ ስለ እናቷ እያነሱ ይራገማሉ። አለቃው መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። በያጇ ዞር ብላ አየችው፤ አላሳዘናትም። እንዲያውም ከዚህ ከወጣች በኋላ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደምታቆመው ታስብ ነበር።

ላሜራው ሲላቀቅ ወንድሟና አናጢው ደግፈው አወረዱት። ከኋላው ወፍራም መስታወት ነበር። አቧራ ለብሷል። በያጇ መነጽሯን ጣለችና በክንዷ ጠረገችው።

«ድንቡሼ፣ መጣሁልሽ» አለች።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ሰማዩ ላይ፣ ሁለት ፀሐይ ነበር።