ከሦስቱ ቫልቮች አንዱ

ባልየው አምፖል የሚመስለውን የድምፅ ማጉያውን ቫልቭ በመሐረብ ይዞ ነቀለና ሌላ ሰክቶ ያንኑ ዘፈን ደግሞ ከፈተ። ከሦስቱ አንዱን መርጦ የቀሩትን ዛሬውኑ ለሻጩ መመለስ ነበረበት። "ይሄኛውስ?" ሲል ሚስቱን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጠየቃት።

"ያው ነው እንጂ! ድስቴን አሳርረህ ታርፋታለህ፤ የራስህን ጆሮ ምን ነካው?"

 ዓይኑን ከፊቷ ሳያነሳ ሦስተኛውን ሰካ።

ቫልቩ እስኪግል ጠበቁ። ከዚያ የዘፋኟ ድምፅ ከሳጥን የሚወጣ መሆኑ ቀርቶ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የምታንጎራጉር ይመስል ለስልሶ መጣ። ሴትዮዋ ወደደችው። ይህን ለሱ ከምትነግረው ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላት ነበርና ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ጉልበቷን ነካ አደረጋት።

"ዓይንሽን አትጨፍኚብኝ።"

"ደግሞ ምን አገባህ? ልስማበት!"

"እኔስ በምን ልስማ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጆሮዬ ከከዳኝ ከርሟል፤ ዘፈንና ጫጫታ አይለይልኝም። የምመርጠው ፊትሽን እያየሁ ነው።"

 ብድግ አለችና ወንበሯን ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት ጎትታ፣ ፊቷን ወደሱ አዙራ ተቀመጠች።

"በል፣ ከመጀመሪያው ጀምር" አለችው። "ድስቱም ይረር።"