የዐሥራ ሰባት ቁጥር ደም

ዶክተር ዐፊፋ የጉበት ተመራማሪ ነበረች። በ1978 ዓ.ም. ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ከአርባ ሠራተኞች ሁለት ጊዜ ደም ቀዳች፤ አንዴ ከሁዳዴ በፊት፣ አንዴ በጾሙ ስድስተኛ ሳምንት። ግማሾቹ «እንጾማለን»፣ ግማሾቹ «አንጾምም» ብለው ተመዝግበዋል። ብልቃጡ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩንም ባለደሙ ራሱ አያውቀውም። የስም መዝገቡ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ አጽብሐ ክንዱን የዘረጋው ከሁሉ ቀድሞ ነበር። «ሳይንስ የሚፈራ አድኃሪ ነው!» አለ። የፓርቲ አባልነት እጩ ሁሉ ተከትሎት ከማይጾሙት ወገን ተሰለፈ።

ሰውየው ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር ዓይኑን ያመዋል። ጊዮርጊስ ደጃፍ ላለማለፍ በአትክልት ተራ ዞሮ ነው ቢሮ የሚገባው። በጾሙ መካከል ረቡዕ ረቡዕ ለእጩዎቹ ጥብስ ያስመጣና፣ ቁጭ እንኳ ሳይል፣ እየዞረ በእጁ ያጎርሳቸዋል። ያመነታ ወዮለት።

ዶክተሯ የተሳሳተችው ውጤቱን ለሠራተኛው ስታስረዳ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚባለውን ስብ እንደሚሠራ፣ ትርፉን በሐሞት እንደሚያስወግድ፣ ሥጋና ቅቤ ሲቀር ደም ውስጥ ያለው እንደሚቀንስ ነገረቻቸው።

«የጿሚዎቹ ቀንሷል፤ የሌሎቹ ባለበት ነው» አለችና ሳቀች። «ያስቸገረኝ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ብቻ ነው። አልጾምም ብሎ ከጿሚዎቹ ሁሉ የበለጠ ቀንሶበታል።»

አብሯት የሳቀ አልነበረም። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ዓይን ሁሉ ወደ ካሕሳይ ዞረ። ካሕሳይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የፓርቲ እጩ ነው፤ የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ተይዞ አንድ ጊዜ ሂስ ወርዶበታል።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ አጽብሐ ዶክተሯንና ካሕሳይን ቢሮው አስጠራቸው። ከፒያሳ የመጣለት ማኪያቶ ጠረጴዛው ላይ ስልባቦት ይዟል።

«አንቺ እስላም ነሽ፤ ሁዳዴ ምንሽ ነው?»

«እኔ የማጠናው ጉበት ነው፣ ጓድ።»

«ዐሥራ ሰባት ማነው?»

«ለሌላ ሰው ላልናገር ለባለደሞቹ ቃል ገብቻለሁ።»

«ፓርቲያችን ውስጥ ደብተራ ተሸሽጎ ቃል ትይኛለሽ!» ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፤ ማኪያቶው ተደፋ። ወደ ካሕሳይ ዞረ። «አንተ ሐሞተ ቢስ! መጾምህን ለምን አታምንም?»

«አልጾምኩም፣ ጓድ። እየመረረኝም ቢሆን በልቻለሁ፤ እርስዎ ራስዎ አጉርሰውኛል።» አለ ካሕሳይ። «አራት ልጆች አሉኝ።»

ከእጩነት ከተሰረዘ ሥራውም ያው ነው። አድኃሪ ተብሎ የተባረረ ሰው ከዚያ ወዴት እንደሚወሰድ ደግሞ በዚያ ዘመን አይጠየቅም።

«እስከ ስምንት ሰዓት ስሙን ጽፈሽ አምጪ» አላት። «ለእኔ ብቻ። ሌላ ዓይን እንዳያየው። አለዚያ ዐሥራ ሰባት ካሕሳይ ነው ብዬ ለበላይ እጽፋለሁ።»

ዐፊፋ ወጣች። ቃሏን ብታፈርስ አንድ ሰው ይጠፋል፤ ብትጠብቅ ካሕሳይ ይጠፋል። ዐሥራ ሰባት ማን እንደሆነ እስካሁን እሷም አላየችም። መሳቢያውን ከፈተች፤ ጣቷን በመዝገቡ ላይ አወረደች፤ ዐሥራ ሰባት ላይ አቆመች።

ልክ በስምንት ሰዓት የታሸገ ፖስታ ይዛ መጣች። ካሕሳይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይኸው» አለች። «ቃሌንም አላፈረስኩም።»

ጓድ አጽብሐ ፖስታውን ቀደደ። አነበበ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«ሌላ ማን አይቶታል?»

«ማንም። መዝገቡ ግን እኔው ጋ ይቆያል።»

የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ካሕሳይ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ካሕሳይ ጆሮውን አላመነም። እንዳይጠሩት ፈርቶ ወደ ኋላ ሳያይ ወጣ።

ዶክተር ዐፊፋ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት፣ ጓድ አጽብሐ።»