የኩል ነጥብ

ግሪሽ አዲስ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሲያጥባት፣ የቀረውን ቆሻሻ በሚለቅመው፣ ለመኪና ማጽጃ በተሠራው ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር ሲያሻት አርፍዶ፣ የማብረቅረቂያ ሰም ቀብቶ ወልውሎ ጨረሰ። ኮፈኑ ላይ የግቢው ማንጎ ዛፍ እያንዳንዱ ቅጠል እንደ መስታወት ይታይ ነበር። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና እናቱን ጠራት። "እስቲ አንዲት እንከን አግኚልኝ፣ እማዬ።"

ዙሪያዋን ዞራ አየች፤ አላገኘችም። ፊቷ ጠቆረ። "ይቺን ይዘህ ነው ኮልሃፑር ገበያ መሀል የምትወጣው? እንከን የሌለውን የሰው ዓይን ይበላዋል።" ልጅ ሳለ ግንባሩ ላይ ታደርግለት እንደነበረው፣ ከቤት ያመጣችው ኩል ውስጥ ጣቷን ነክራ ኮፈኑ ላይ ጥቁር ነጥብ አሳረፈች። ግሪሽ በጨርቁ ጫፍ አንዴ ቢነካው ነጥቡ ድራሹ ጠፋ።

"ሰም ነዋ፤ ምንም አይይዝም" አለ እየሳቀ። "ደሞ ሞክሪ።"

ደግማ አልሞከረችም። ወገቧ ላይ የምታንጠለጥለውን የጓዳ ቁልፍ ፈታች፤ ጎንበስ አለችና ኮፈኑ ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጭረት ጫረች። የግሪሽ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። እናቱ ቁልፏን መልሳ ወገቧ ላይ አሰረች።

"ይኼኛው ይይዛል" አለችው። "በል አሁን ንዳ።"