ለመኪና አናት የታዘዘ ሳጥን

የሒሳብ መምህሩ ብየዳ ቤቱ ሲገባ እንደ ልማዱ ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር አላተመው።

"አባባ፣ ይሄን በር ለሰው ነው የሠሩት ለድመት?"

"በእኔ ቁመት ነው የሠራሁት" አሉ አዛውንቱ በያጅ።  ወሬ አያበዙም።

መምህሩ ግንባሩን እያሻ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ሲባጎ ከኪሱ አወጣ። እሱን ተማሪዎቹ "ቀበቶ" ነው የሚሉት፤ ገንዘብ ላይ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አያውቅም። ከነቤተሰቡ ሐይቅ ዳር ሊሰነብት አስቧል። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ሱቅ ያለው የዕቃ ሳጥን ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ባለፈው ዓመት ጓዙን በሸራ ጠቅልሎ፣ በገመድ ጠፍሮ አናቷ ላይ ጭኖት ነበር። ፍራሹ መንገድ ላይ በረረ። የዘይቱ ጄሪካን ፈስሶ የፊቱን መስታወት አለበሰው።

"ዘንድሮ ከላሜራ ይሥሩልኝ። ርዝመቱ በዚህ ሲባጎ ልክ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ። አናቷ ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ፣ ከፖርቶ መጋላው ጋር፣ በብሎን እናስረዋለን። ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ይኑረው፤ ውሃ እንዳያስገባ። ወደ ውጭም ጠብ እንዳይል።"

"ቁልፍስ?"

"ጠንካራ፣ ከውጭ።" ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። "ዕቃው ላይ ከወጣ ታች ለሰው ቦታ ይተርፋል አይደል? ደግሞ ለባለቤቴ እንዳይነግሯት አደራ። የጉዞው ለት ነው የምታየው።"

አዛውንቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲባጎውን ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

የመምህሩ ሚስት መንገድ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አዛውንቱ ልጅ የላቸውም፤ የሳላቸውን ሽሮፕ በየሳምንቱ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ጊዜም ፍሬ መድኃኒት አምጥታ፣ "አንድ ብቻ አባባ። ሁለት ሦስት ከዋጡ መንቃት የሚባል ነገር የለም" ብላ አስጠንቅቃቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽሮፑን ይዛ መጣች። ሳጥኑ ከግርጌው በቀር ተበይዶ አልቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቁም ሣጥን?"

"የሰው ትእዛዝ ነው። መቼ ነው የምትሄዱት?"

"እኔ እኮ አልሄድም አባባ። ልጆቹና እናቴ ኋላ ይቀመጣሉ፤ የፊቱን ወንበር ዕቃ ሊይዘው ነው። እኔ ልቅር አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይላል? ሳቀ። ሰሞኑን እንደሁ አዲስ አመል አውጥቷል። እኔ ስገባ ስልኩን ይዘጋል።"

አዛውንቱ ከሥራቸው ቀና አሉ። ሴትዮዋ ከሳጥኑ ጎን ግድግዳውን ተደግፋለች። አናቷና የሳጥኑ ጫፍ እኩል ናቸው። በጣት እንኳ አይበላለጡም።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ሥራቸውን ትተው ሳጥኑን ያዩት ጀመር። የማትሄድ ከሆነ ሳጥኑ ለምን? ውሃ ጠብ እንዳይል ያስፈለገውስ? ለፖሊስ እንዳይናገሩ፣ ምን ብለው? ሳጥን ታዘዝኩ ብለው?

በማግስቱ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ገባና ላሜራውን በጣቱ አንኳኳ።

"ስልሳ ኪሎ ከነመንገጫገጩ ይችላል?"

"ይችላል።"

"በቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት እወስደዋለሁ።"

ስልሳ ኪሎ። አዛውንቱ ጓንታቸውን አውልቀው መንገዱን ተሻገሩ። ሴትዮዋ ከባንኮኒው ኋላ ፍሬ መድኃኒት እየቆጠረች ነበር።

"ልጄ፣ ያ ሳጥን የባልሽ ነው።"

የሰሙትን አንድ በአንድ ነገሯት። ጎማውን፣ ቁልፉን፣ እንዳይነግሯት ያለውን። በዕድሜያቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም።

ሳቀች። "እሱ? ዝንብ ለመግደል እኮ እኔን ነው የሚጠራኝ።"

"በአንቺ ቁመት ነው ያሠራው።"

ሳቋ ቆመ። "እርግጠኛ ነዎት?"

"አርባ ዓመት ሳጥን ሠርቻለሁ። ለምን እንደሚሆን አላጣውም።"

የቆጠረቻቸውን ፍሬዎች መልሳ ደባለቀቻቸው። ከዚያ ፍሬዎቹን እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረች።

"ለሌላ ሰው ነግረዋል?"

"ለማንም።"

"እንዳይነግሩ።"

"ልጆቹን ይዘሽ ጥፊ ልጄ።"

"እሺ አባባ" አለች፣ ከቆጠራዋ ቀና ሳትል።

ቅዳሜ ጠዋት አዛውንቱ የሳጥኑን ግርጌ ሳይበይዱ መዶሻቸውን ይዘው ጠበቁ። መምህሩ ሲመጣ ሳጥኑን ዓይኑ እያየ ሊሰባብሩት ቆርጠዋል። ትንሿ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። የነዳቻት ሴትዮዋ ነበረች። ብቻዋን ናት። ከጎኗ ያለው ወንበር ዕቃ አልተጫነበትም፤ አበባ የታተመበት አዲስ የወንበር ልብስ ለብሷል።

እፎይ አሉ። መዶሻውን አስቀመጡ።

"ልጆቹስ?"

"ትናንት ከእናቴ ጋር ወደ ቤቷ ላክኋቸው።"

"እሱስ?"

"ተኝቷል።"

"ደግ አደረግሽ። ይሄን መዓት አሁን ነው የምሰባብረው።"

"አይ፣ አይስበሩት። ዛሬውኑ ይጨርሱልኝ።"

ሳጥኑን ዞራ አየችው። የክዳኑን ጎማ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። ቀጥሎ ሲባጎውን ከሚስማሩ አወረደች። ከሁለተኛው ቋጠሮ አንድ ስንዝር አልፋ ሦስተኛ ቋጠሮ አሰረችበትና ለአዛውንቱ ሰጠቻቸው።

"ግርጌው ሳይዘጋ እስከዚህ ይቀጥሉበት አባባ፤ እሱ ከእኔ ይረዝማል።"