የሸክም ሕግ

«ብሩንም፣ ጋሻውንም፣ የወርቅ ጽዋውንም ወደ እኔ ወረቀት አዙሪው» አለ ወንድምየው፣ እርሳሱን እህቱ ፊት እየወረወረ። «ከዛሬ ጀምሮ የጋራ የሚባል ነገር የለም። ሁሉንም እኔ እይዘዋለሁ።»

«ያዘው» አለች። ላጲስ አንስታ ከራሷ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ አጠፋችው። ገመዷን ብቻ አስቀረች።

ጨዋታውን ያስተማራቸው አባታቸው ነው። ተጫዋቹ በሐሳቡ አንድ መንገደኛ ይፈጥራል፣ የመንገደኛውን ንብረት በወረቀት ይጽፋል። መንገዱንና አደጋውን ጎረቤታቸው ሰዓት ሠሪው ይተርካል፤ የቀረውን የሚወስነው የሚወረወረው ዳይስ ነው። አባትየው ዕድሜ ልኩን እንጨት በትከሻው ያመላለሰ አናጢ ስለነበር አንድ ሕግ ጨመረበት፦ በወረቀት የተጻፈ ንብረት ሁሉ ክብደት አለው። እሱ ከሞተ ወዲህ ልጆቹ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። እሑድ ከሰዓት በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የሚያገናኛቸው ይኸው ጨዋታ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ወንድምየው ለጨዋታ ብቻ አልመጣም። የሥራ ቤቱ በር ወለሉን ስለሚፍቅ በሁለት እጅ ቀና አድርገው ካልሳቡት አይከፈትም፤ እንደ ሁልጊዜው የከፈተችለት እሷ ነበረች። እሱ ግን ገና ሲገባ የአባታቸውን የመሣሪያ ሣጥን ከመደርደሪያው አውርዶ እግሩ ሥር አስቀመጠው። መላጊያውም፣ መጋዙም፣ መሮዎቹም እዚያ ውስጥ ናቸው። እሷም አናጢ ናት፤ የምትኖረው በእነሱ ነው። እሱ መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም። «ወንድ ልጁ እኔ ነኝ» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ገደሉ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ጋ ደርሳችኋል» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ነገሩን ለማብረድ። «እንጨቱ የበሰበሰ ነው። ማን ይቅደም?»

«እኔ ነኛ! ማዶ ወርቅ አለ ብለው የለ እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት በጣቱ እየተከተለ ደመረ። ዳይሱን ወረወረ። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለ። «ድልድዩ ተሰብሯል። እየወደቅህ ነው።»

«ገመዴን እወረውርለታለሁ» አለች እህትየው። አፏ ነው የቀደማት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወድቅ ማንሳት ለምዶባታል፤ በራሷ ተናደደች።

«ይዞታል» አለ ሰዓት ሠሪው። «ግን ይህን ሁሉ ተሸክሞ አትችይውም። ንብረቱን የያዘበትን ከረጢት ይጣል።»

«አልጥልም» አለ ወንድምየው። «እሷ ትጎትተኛለች።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። አንጀቷን ያሳረራት ይኼ ነው።

«ሣጥኑን መልስና ልጎትትህ» አለች።

«የምን ሣጥን?»

«እግርህ ሥር ያለውን።»

«ጨዋታውን ከኑሮ ምን አገናኘው? ድሮም አባዬ በቁሙ ሳለ ዓይንሽ ሣጥኑ ላይ ነበር!»

«አባዬ አልጋ ላይ ሲውል መሮውን ማን ይስለው ነበር? አንተ?»

«አትለፍልፊ፣ ጎትቺ!»

«ኧረ ተዉ ልጆች፣ ነውር ነው…» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ለቀቅኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ገመዱን፣ ጋሼ። ለቀቅኩት።»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አወለቀ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ እስከ ዛሬ ማንም ሆን ብሎ ጓደኛውን ጥሎ አያውቅም። ዳይሱን አላነሳም። «እንግዲህ ወደቀ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነንብረቱ።»

ወንድምየው ወረቀቱን ጨምድዶ ፊቷ ላይ ወረወረው። «እባብ! ከዛሬ ወዲያ እህት አለኝ አልልም!» ሣጥኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ተነሳ። እንደዚያ ከብዶ አያውቅም መሰል፣ እየተንገዳገደ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ።

«ክፈቺልኝ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል እህትየው ክንዱን ያዘችው። «ይቀመጡ ጋሼ። የእኔን መንገድ ይተርኩልኝ እንጂ፤ ገና ገደሉ አፋፍ ላይ ነኝ።»

«ክፈቺ አልኩሽ እኮ!»

አልተነሳችም። ከጀርባዋ፣ በሩ አጠገብ፣ ወንድሟ አላስቀምጥም ባለው ሣጥን ውስጥ መሮዎቹ ቀስ እያሉ መንቀጫቀጭ ሲጀምሩ ሰማች።