የአእምሮ ልክ

እየሩስ እንግዶቿን ቤተ ጊዮርጊስ አስጎብኝታ ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ እማማ ፀሐይቱ በረት ደጃፍ ተቀምጠው የበቅሎ ኮርቻ ይጠግኑ ነበር። ከፍርድ ቤት ገና መግባታቸው ነው።

«ምን አሉሽ?»

«አእምሮዬ እንዲመረመር ታዟል» አሉ እማማ ፀሐይቱ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ።

እየሩስ ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችው። የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ባለሆቴሉ ሰውአገኝ ጎረቤታቸው ነው። ባለፈው ክረምት ወረቀት ይዞ መጣና «የውኃ መስመር በግቢዎ እንዲያልፍ የሚፈቅዱበት ነው» ብሎ እማማ ፀሐይቱን በጣታቸው አስፈረማቸው። ማንበብ አይችሉም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግንበኞች ግቢያቸው ገቡ። ወረቀቱ ቤታቸውንና ይዞታቸውን የሸጡበት ውል ሆኖ ተገኘ። ምስክሮቹ ሁለቱም የሆቴሉ ሠራተኞች ነበሩ።

እማማ ፀሐይቱ ከሰሱ። የሰውአገኝ ጠበቃ ግን «ተነቦላቸው፣ ገብቷቸው፣ ወደው ነው የፈረሙት» ብሎ ተከራከረ። ከራሳቸው ቃል በቀር በእጃቸው ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

«ቃልሽን የጅል ቃል ሊያደርጉት ነው» አለች እየሩስ። «አትሄጂም።»

«እሄዳለሁ። ብቀር ደግሞ ፈራች ይሉኛል።»

በምርመራው ዕለት ልጃቸውን ገና ሳይነጋ ቀሰቀሷት። «ተነሺ እንጂ፣ ዛሬ ጊዮርጊስ ነው። ተሳልመን እንሂድ።» ያጠቡትን ነጠላ ለብሰው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ፍርድ ቤቱ ያስመጣው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘመን ይባላል። ከደሴ የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። እየሩስን ዝም ብላ በሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ፈቀደላት።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«እንጃ ልጄ።»

እየሩስ እናቷን አየቻቸው። ፍርሃት ነው አለች በልቧ፤ ቢሮ አስፈርቷቸው ነው።

«እኔ የምጠራቸውን ቁጥሮች ይድገሙልኝ። ሦስት፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ።»

«ስምንት» ብቻ አሉ።

እኚህ ሴት የበቅሎ አከራዮቹን ማኅበር ሲመሩ፣ የትኛው በቅሎ የትኛውን እንግዳ ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም እንደወጣ በቃላቸው ይዘው ተራ የሚያስጠብቁ ነበሩ። እየሩስ ጥርሷን ነከሰች።

ዘመን ባለቀለም እንጨቶች አውጥቶ ሥዕል አሳያቸውና ሥዕሉን አስመስለው እንዲገጥሙት ጠየቃቸው። እሳቸው አንዱን በአንዱ ላይ ደረደሩት። ፈረሰ።

«ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ?»

«አይመሳሰሉም።»

«ከጎረቤትዎ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?»

«ምሳ እየሠሩ ነው እላለሁ።»

ዘመን ዜሮ ጻፈ። እየሩስ ብድግ አለች።

«ይኼ ምኑ ነው ስህተቱ? እዚህ አገር የሚያስደነግጠው ጭስ ያልወጣ እንደሆነ ነው። ይኼን ጥያቄ ማን አወጣው?»

«እህቴ፣ የማሰብ ችሎታ የምንለው ማስታወስን፣ ማገናዘብን፣ አዲስ ነገር መረዳትን ነው። መልሳቸው ከእድሜ እኩዮቻቸው መልስ ጋር ይነጻጸራል። መካከለኛው መቶ ነው።»

«እኩዮቿ እነማን ናቸው? የት አግኝታችሁ ነው የለካችኋቸው?»

«ከተማ ውስጥ። አብዛኞቹ የተማሩ ናቸው።»

«እንግዲያ እናቴን ባልኖረችው ኑሮ ነው የምትለካት። እንዲህ አድርጎ መለካት ምኑ ነው እውቀቱ? ስድብ ነው እንጂ!»

«ያልሽውን ከግምት አስገባለሁ። ግን እሳቸው ከሚመልሱልኝ ሌላ የምለካው ነገር የለኝም።»

«እየሩስ፣ ተቀመጪ» አሉ እማማ ፀሐይቱ። «ሰውየውን ሥራ አታስፈቺው።»

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተጠየቁትን አንዱንም በትክክል አልመለሱም።

ውጤቱ በችሎት ሲነበብ እየሩስ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ዘመን መለኪያው ለገጠር ሰው የተሠራ አለመሆኑን ገለጸ። ሆኖም ውጤታቸው ይህም ታስቦ እጅግ ዝቅተኛ ነው አለ። ውል ቢነበብላቸው ይረዳሉ ብሎ እንደማያምን ተናገረ። ከኋላ ሰው ሲያንሾካሹክ ተሰማ። የማኅበሩ በቅሎ ነጂዎች መሬት መሬት አዩ። እየሩስ ከንዴት የተነሣ እንባዋ መጣ።

ሰውአገኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ጠበቃው እጁን ይዞ አስቀመጠው።

ዳኛዋ ፍርዱን አነበቡ። የሚፈርመውን ነገር መረዳት የማይችል ሰው ያተመው የጣት አሻራ ውል አይሆንም፤ ስለዚህ ውሉ ፈርሷል፤ ቤቱና ይዞታው ለከሳሿ ይመለስ፤ ከእንግዲህ ንብረታቸውን ልጃቸው ታስተዳድርላቸው።

ውጭ ሲወጡ እየሩስ ቤቱን በማግኘታቸው አልተደሰተችም። የበቅሎ ነጂዎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ሕመምተኛ ራርተውላቸው፣ መንገድ ለቀቁላቸው።

«በከተማው ሁሉ ፊት አዋረዱሽ» አለች። «ቤቱን ቢመልሱልን ምን ዋጋ አለው? አእምሮ የላትም ብለው በማኅተም አጸደቁብሽ። ያን ምርመራ የጠየቀውን ሰው እስክሞት ይቅር አልለውም።»

እማማ ፀሐይቱ ዞር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ተይ፣ አትራገሚ። ይመርመሩኝ ብዬ ያመለከትሁት እኔ ነኝ።»