ሃምሳ ደቂቃ በአየር

ከዚህ ከተማ እስከዚያኛው ከተማ በአውሮፕላን ሃምሳ ደቂቃ ነው። በመኪና ሁለት ቀን ነበር፤ ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ግን እሱም ቀርቷል። ትንሿ አውሮፕላን በሳምንት ሁለቴ ትበራለች። ያመለጠችው ሰው እግዜር ይሁነው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ነበር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እየሮጠ የመጣው። ታናሽ እህቱ ጠዋት ከዚያኛው ከተማ ደውላ "እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል፤ ሆስፒታል ነን፤ ድረስ" ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱን በሕይወት ማግኘት።

ትኬት ቆራጯ ራሷን ነቀነቀች።

"ወንበርስ አንድ አለ፤ ክብደቱ ግን ሞልቷል። ሰውም ዕቃም በኪሎ ነው የምንጭነው፣ ወንድሜ።"

ዞር ሲል ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ ወፍራም ነጋዴ አየ።

"ጋሼ፣ በወለደችዎ ይዤዎታለሁ። ሻንጣዎቹን ለሚቀጥለው በረራ ይተዉልኝ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው።"

"እኔም ጉዳይ አለብኝ" አለ ነጋዴው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ሻንጣዎቹ ውስጥ ያለው ጫማ ነው። ሰውነት በኪሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

የልብስ ሰፊው ስልክ ጮኸ። እህቱ ናት። መርዶ እንዳይሰማ ፈርቶ ዘጋው። ደግሞ ጮኸ፤ አጠፋው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ልብስ ሰፊው ሰው ሁሉ እያየው መሬት ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ትኬት ቆራጯ ሆዷ ባባ፤ ወደ ጫኚው ዞረች።

"ከዕቃው ውስጥ እሱን የሚያህል ክብደት ያለው የለም?"

"አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። ላዩ ላይ ግን 'አስቸኳይ' ይላል።"

"ከሰው ይብሳል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለ ጫኚው። "ሣጥን ምን ያስቸኩለዋል? እናት የለው!"

ሣጥኑ ከባድ ነበር። ልብስ ሰፊው እንባውን ጠርጎ ሄደና አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫኚው ይዘው አወረዱት። ትኬት ቆራጯን መርቆ አልጠግብ አለ። ሃምሳ ደቂቃዋ ሃምሳ ዓመት ሆነችበት።

ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ በሕይወት ነበረች። አፍና አፍንጫዋን የኦክስጅን ጭንብል ሸፍኖታል። ዓይኗን ገልጣ አየችውና እጁን ጨበጠች። ደረሰ። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜው አያውቅም።

እህቱ ከኮሪደሩ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ወንድምዓለም፣ ስልክህን ለምን ታጠፋለህ? ይሄ የመጨረሻው ሲሊንደር ነው፤ እስከ ማታም አያደርሳት። ለጥገና የሄደው የኦክስጅን ማሽን ባንተ አውሮፕላን ነው የሚመጣው ሲሉኝ፣ አደራ በልልን ልልህ ነበር።"

ከኋላው ሰው የምትጠብቅ ይመስል ወደ በሩ አየች።

"በትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው አሉ፤ ሲጭኑት አላየህም?"